ዓሣን ማብላትም በብልሃት

በቤት ውስጥ ስለሚኖሩ ትንንሽ ዓሦች አመጋገብና ስለ ውሃቸው አያያዝ

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው ተረት በገበታ ላይ የቀረበውን ዓሣ የሚመለከት ነው። አጥንቱ በጉሮሮ እንዳይሰነቀር ተጠንቅቆ መብላት እንደሚገባ ያስተምረናል። ዛሬ ግን በከተማ ቤቶች ውስጥ ለመበላት ሳይሆን ለመታየት የሚቀመጡ ትንንሽ ዓሦች ስላሉ፣ ተረቱን ገልብጦ «ዓሣን ማብላትም በብልሃት ነው» ማለት የሚያስፈልግ ሆኗል። ምክንያቱም በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የሚኖሩት ዓሦች ብዙውን ጊዜ የሚሞቱት በረኃብ ሳይሆን በጥጋብ፣ በቸልታ ሳይሆን መጠን ባጣ እንክብካቤ ነው።

የነገሩ አካሄድ በአብዛኛው እንዲህ ነው። አባት ወይም እናት ለልጃቸው ሦስት አራት ዓሦች ከነመስተዋቱ ይገዛሉ። ውሃው በዚያው ዕለት ከቧንቧ ተቀድቶ ይሞላል፤ ዓሦቹም ወዲያው ይጨመራሉ። ልጆቹ እየተሻሙ ምግብ ይበትኑላቸዋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ዓሦቹ ሲበሉ እንዲታዩ እንደገና ይበተንላቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት ውሃው ይደፈርሳል። በዚህ ጊዜ የቤቱ እመቤት ገንዳውንም ጠጠሩንም በሳሙና አጥባ አዲስ ውሃ ትሞላለች። በማግሥቱ አንዱ ዓሣ በጎኑ ተንሳፍፎ ይገኛል፤ ብዙም ሳይቆይ የቀሩት ይከተሉታል። ልጁ ያለቅሳል፤ ቤተ ሰቡም «ድሮስ ዓሣ ምን ዕድሜ አለው?» ብሎ ነገሩን ይተወዋል።

ይህ አባባል ግን ትክክል አይደለም። በእንግሊዝ አገር በዮርክሸር አውራጃ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በበዓል ገበያ ጨዋታ ለሽልማት ተሰጥቶ ወደ ቤት የገባ ቲሽ የተባለ ወርቃማ ዓሣ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ 43 ዓመት ኖሯል። ይህ በእርግጥ ከተለመደው የበለጠ ነው። ነገር ግን በሚገባ የተያዘ ወርቃማ ዓሣ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ፣ ጋፒ የምትባለው የጣት አንጓ የምታህል ዓሣ ደግሞ ሁለት ዓመት ያህል መኖር ይችላሉ። ስለዚህ ዓሣ በገባ በሁለት ሳምንት ሲሞት ዕድሜው ደርሶ ሳይሆን፣ የሚኖርበት ውሃ ተበላሽቶበት መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ዓሣን በቤት ማኖር የዛሬ ነገር አይደለም። ቻይናውያን ወርቃማውን ዓሣ ከ1,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ቀለሙን እየመረጡ ሲያራቡት ኖረዋል። በአውሮፓም እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን ዓሣንና የውሃ ተክልን በአንድ መስተዋት ውስጥ በማኖር፣ አንዱ ለሌላው ሕይወት እንደሚረዳ በ1850 ዓ.ም. አስረዳ። በ1853 ዓ.ም. በለንደን የእንስሳት መጠበቂያ ውስጥ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት «አኳሪየም» የሚለው ስም በዓለም ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት ብዙ ሲሆን፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚያስፈልገው ግን ከዚህ በታች የምንገልጸው ጥቂቱ ነው።

ስለ ገንዳው አመራረጥ

በመጀመሪያ አንገቱ የጠበበ ክብ ብርሌ መሳይ መስተዋት ለዓሣ መኖሪያ የሚስማማ አይደለም። ዓሣ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው፤ ኦክሲጅንም ወደ ውሃው የሚገባው በላይኛው ገጽ በኩል ነው። ስለዚህ ገንዳው ሰፊ ገጽ ሊኖረው ይገባል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ከፍታው 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስተዋት ሣጥን 54 ሊትር ይይዛል፤ ከአፉ 5 ሴንቲ ሜትር ቢጎድል 45 ሊትር ይሆናል። ይህ መጠን ለጀማሪ የተመቸ ነው፤ ከትንሽ ገንዳ ይልቅ ብዙ ውሃ የያዘው ቶሎ አይበላሽምና። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠንካራ መሆን አለበት። ፀሐይ ከሚያገባ መስኮት አጠገብ ቢቀመጥ አረንጓዴ አልጌ ይወርሰዋል።

በ45 ሊትር ውሃ ውስጥ ከስምንት እስከ አሥር ጋፒዎች በደኅና ይኖራሉ። ወርቃማው ዓሣ ግን በልጅነቱ ትንሽ ቢመስልም ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል፣ እያደገ ሲሄድ ከዚህ የሰፋ ገንዳ ይፈልጋል። ጋፒ እንቁላል አትጥልም፤ ልጆችዋን በሕይወት ትወልዳለች። አንዲት እናት በየአራት ሳምንቱ ገደማ የምትወልድ ስትሆን፣ ከተባዕቱ ከተለየች በኋላም ለብዙ ወራት መውለድዋን ልትቀጥል ትችላለች። መብዛታቸውን የማይፈልግ ሰው ተባዕቶቹን ብቻ ቢይዝ ይሻለዋል።

የማይታየው መርዝ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ዓሣ በልቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ በአብዛኛው አሞኒያ ነው፤ ይህም በስንጥቡ በኩል ወደ ውሃው ይገባል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ ይህንኑ አሞኒያ ይሰጣል። ከብት ካደረበት በረት ጧት ሲገቡ ዓይን የሚያስነባው ሽታ ይኸው ነው። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውስጥ በብዙ ውሃ ስለሚበተን ዓሣን አይጎዳም። በጠባብ ገንዳ ውስጥ ግን ተጠራቅሞ ስንጥቡን ያቃጥለዋል፤ በመጨረሻም ይገድለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ውሃው እንደ ምንጭ የጠራ መስሎ እየታየ መርዙ ሊኖርበት መቻሉ ነው። ዓይን አይቶ ሊፈርድ አይችልም።

ተፈጥሮ ለዚህ መድኃኒት አዘጋጅታለች። በጠጠሩና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጠዋል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ ራሱ መርዝ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ይህም ካልበዛ በስተቀር የማይጎዳ፣ ለተክልም ምግብ የሚሆን ነው። ይህን የባክቴሪያዎች ሥራ ሩሲያዊው ሊቅ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ1890 ዓ.ም. ገደማ ገልጾታል።

ነገሩን እናቶች በቀላሉ ይረዱታል፤ እነዚህ ባክቴሪያዎች ለገንዳው ልክ እንደ እርሾ ናቸውና። እንጀራ ያለ እርሾ በአንድ ሰዓት እንደማይደርስ ሁሉ፣ አዲስ ገንዳም ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ገንዳው ውሃ ተሞልቶ፣ ማጣሪያው እየሠራ፣ በየቀኑ ለቁንጥር ያህል የዓሣ ምግብ እየተጣለበት ያለ ዓሣ መቆየት አለበት። ምግቡ ሲበሰብስ ባክቴሪያዎቹ ይመገቡታል። ከጎረቤት እርሾ እንደሚለመን ሁሉ፣ ጤነኛ ዓሦች ካሉት ወዳጅ ጥቂት ጠጠር ወይም ያገለገለ ስፖንጅ እርጥበቱ ሳይደርቅ ወስዶ ማስገባት ጊዜውን በብዙ ያሳጥረዋል። የውሃውን አሞኒያና ናይትራይት በጠብታ የሚለካ መመርመሪያ ለማግኘት ከተቻለ፣ ሁለቱም ወደ ዜሮ ከመውረዳቸው በፊት ዓሣ ማስገባት አይገባም።

ከዚህ በላይ እንደ ተጠቀሰው ገንዳውን፣ ጠጠሩንና ስፖንጁን በአንድ ጊዜ በሳሙናና በቧንቧ ውሃ ማጠብ ለምን ዓሣ እንደሚገድል አሁን ግልጽ ነው። የቡሖ ዕቃዋን ስታጥብ እርሾዋን ሁሉ የምትደፋ ሴት በማግሥቱ የምታቦካበት እንደማይኖራት ሁሉ፣ ገንዳውን እንዲህ ያጠበ ሰው ጠባቂዎቹን ባክቴሪያዎች ደፍቷል። ሳሙናም በጠጠሩ መካከል ቀርቶ ዓሣውን ይጎዳል።

ስለ ደጋ አየርና ስለ ሙቀት

ከሌላ አገር የመጡ የዓሣ አያያዝ መጻሕፍት በአብዛኛው የተጻፉት ለቆላማ አገር ነው። አዲስ አበባና አስመራ ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የተቆረቆሩ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በመጽሐፍ ከተጻፈው ቁጥር ዓሣውን መቀነስ፣ በአየር ፓምፕም የውሃውን ገጽ ማንቀሳቀስ ለደጋ ነዋሪ በጣም ያስፈልጋል። ዓሦቹ ጧት ጧት አፋቸውን ወደ ላይ ቀስረው አየር የሚጎርሱ ከሆነ ኦክሲጅን እንዳነሳቸው ወይም ውሃው እንደ ተበላሸ ምልክት ነው።

ጋፒ የሞቃት አገር ዓሣ ናት፤ የትውልድ ስፍራዋም ትሪኒዳድ፣ ቬኔዝዌላና አካባቢያቸው ነው። ውሃዋ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን ይስማማታል። በኅዳርና በታኅሣሥ የደጋው ሌሊት ስለሚበርድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ያስፈልጋታል፤ ለ45 ሊትር ውሃ 50 ዋት ይበቃል። ወርቃማው ዓሣ ግን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ስለ ሆነ ያለ ማሞቂያ ይኖራል። በምጽዋ፣ በጅቡቲ ወይም በድሬዳዋ ለሚኖር ሰው ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ውሃ በሞቀ መጠን የሚይዘው ኦክሲጅን ስለሚያንስ ገንዳውን ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚያገኘው ስፍራ ማስቀመጥ አለበት።

ስለ ምግባቸው

ዓሣ እንደ ሰውና እንደ ከብት ገላውን ለማሞቅ ምግብ አያቃጥልም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ወርቃማው ዓሣ ደግሞ ጨጓራ የለውም፤ የበላው በቀጥታ ወደ አንጀት ስለሚያልፍ በአንድ ጊዜ ብዙ ከመስጠት ይልቅ ጥቂት በጥቂቱ መስጠት ይሻላል። ሕጉ ይህ ነው፦ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ዓሦቹ በ2 ደቂቃ ውስጥ ጨርሰው የሚውጡትን ያህል ብቻ። ከዚያ የተረፈ ቢኖር በትንሽ ወንፊት ተለቅሞ ይወጣል። በሳምንት አንድ ቀን ሳይበሉ ቢውሉ አይጎዱም። ሰው በቀረበ ቁጥር ወደ መስተዋቱ መሮጣቸው የረኃብ ማስረጃ አይሆንም፤ ምግብ ከየት እንደሚመጣ ስለ ለመዱ ነው።

በሱቅ የሚሸጠው ደረቅ የዓሣ ምግብ ለዕለት ጥሩ ነው። ነገር ግን ዕቃው ከተከፈተ በኋላ ቅባቱ ይሻግታል፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲም እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ትንሹን ዕቃ መግዛት፣ የተከፈተበትን ቀን በላዩ መጻፍ፣ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ አስቀምጦ በሦስት ወር ውስጥ መጨረስ መልካም ነው።

አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ሰውን እንደማይበቃው ዓሣንም አይበቃውም። ያለ ጨው የተቀቀለ እሸት አተር ቅርፊቱ ተልጦና ተፈርፍሮ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢሰጥ የወርቃማውን ዓሣ አንጀት ያለሰልሳል። በትንሹ የተቀቀለ ቆስጣም ለጋፒም ለወርቃማውም ይስማማል። አዲስ ለተወለዱት ጫጩቶች የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በጣት ጫፍ ተፈጭቶ ይሰጣል፤ ነገር ግን ውሃ ቶሎ ስለሚያበላሽ ከመርፌ ራስ መብለጥ የለበትም። የትንኝ እጭ ዓሦች የሚወዱት ምግብ ነው፤ ትንኝ ሆኖ እንዳይበር ግን ወዲያው ተበልቶ የሚያልቀውን ያህል ብቻ መስጠት ያስፈልጋል። ዳቦ፣ እንጀራ፣ ብስኩት፣ ጨውና ቅቤ የነካው ማናቸውም ነገር ፈጽሞ ለዓሣ አይሰጥም። የመጀመሪያዎቹ በውሃ አብጠው ይበሰብሳሉ፤ የኋለኞቹ ዓሣውን ያሳምሙታል።

የየሳምንቱ ሥራ

በሳምንት አንድ ቀን የውሃው አንድ አራተኛ ይለወጣል። ከታች የተጠራቀመው ቆሻሻ በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከጠጠሩ መካከል እየተሳበ ወደ ባልዲ ይወርዳል፤ ቱቦውን ግን በአፍ መሳብ አይገባም። ስፖንጁ በወር አንድ ጊዜ ያህል ከገንዳው በተቀዳው በዚያው አሮጌ ውሃ ውስጥ ይጨመቃል እንጂ በቧንቧ ውሃ አይታጠብም።

የሚተካው ውሃ ከቧንቧ እንደ ወጣ መግባት የለበትም። ለሰው ጤና ተብሎ የሚጨመረው ክሎሪን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፤ ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል። ውሃውን አፉ በሰፋ ባልዲ ቀድቶ 24 ሰዓት ማሳደር ክሎሪኑን ያበንነዋል። ክሎራሚን የሚባለው ማጽጃ ባለበት ከተማ ግን በማሳደር ስለማይወጣ፣ ለዚሁ የተዘጋጀውን ማርከሻ መጨመር ያስፈልጋል። ባልዲው ለዓሣው ሥራ ብቻ የተለየ፣ ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። በቤት ውስጥ ፍሊት የሚነፋ ከሆነ ገንዳው አስቀድሞ ይከደን፤ የአየር ፓምፑም ይጥፋ። የተባይ ማጥፊያ ለሰው እምብዛም በማይታወቅ መጠን እንኳ ዓሣን ይገድላል።

መብራት ሲጠፋስ? በመጀመሪያ ምግብ ይከልከሉ። ቀጥሎም በየግማሽ ሰዓቱ በኩባያ ከገንዳው ውሃ እየቀዱ ከፍ አድርገው ቢያንቆረቁሩት አየር ይገባበታል። የሞቃት አገር ዓሣ ያለበት ከሆነ ገንዳውን ከጎንና ከጎኑ በጋቢ መሸፈን ሙቀቱን ያቆያል። ለዕረፍት የሚሄድ ቤተ ሰብም ጤነኛ ጎልማሳ ዓሦችን ለአምስት ቀን ያህል ያለ ምግብ ቢተዋቸው ይሻላል፤ የማያውቅ ጎረቤት በርኅራኄ ብዙ በትኖ ከሚገድላቸው።

ሲታመሙ

ዓሣ ሲታመም ክንፎቹን ወደ ገላው ያጣብቃል፤ ምግብ ይተዋል፤ ከጠጠር ጋር ይታከካል። በዚህ ጊዜ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውሃውን መመርመርና አንድ ሦስተኛውን በተዘጋጀ ውሃ መለወጥ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። በገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ከታየ ግን ጥገኛ ነፍሳት ናቸው። እነዚህም መድኃኒት የሚነካቸው ከዓሣው ወርደው በውሃ ውስጥ በሚዋኙበት ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሕክምናው ነጥቡ ከጠፋ በኋላም ለጥቂት ቀናት መቀጠል አለበት። ለ1 ሊትር ውሃ 2 ግራም ያህል ጨው አስቀድሞ በኩባያ አሟሙቶ ቀስ በቀስ መጨመር ይረዳል፤ በገንዳው ያሉትን ተክሎች ግን ሊጎዳ ይችላል። ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከአዲስ ዓሣ ጋር ነው። ስለዚህ አዲስ የተገዛ ዓሣ በሌላ ዕቃ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ቢቆይ የነባሮቹ ጤና ይጠበቃል።

ወደ ወንዝ አይጣሉ

ዓሦቹ የበዙበት ወይም የሰለቸው ሰው «ነፃ ላውጣቸው» ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ ሊጥላቸው አይገባም። በብዙ አገሮች እንዲህ የተጣለ ወርቃማ ዓሣ አድጎና ተራብቶ የሐይቁን ወለል እየቆፈረ ውሃውን አደፍርሷል፤ የነባሮቹንም ምግብ ተሻምቷል። ጣና ሐይቅ በሌላ በማናቸውም የዓለም ክፍል የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ የዓሣ ወገኖች መኖሪያ ነው። እንግዳ ዓሣና እንግዳ በሽታ ቢገባበት ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል። የተረፈውን ዓሣ ለወዳጅ መስጠት የተሻለ ነው።

ትንሽ ዓሣ ከጌጥ በላይ ጥቅም እንዳለው ለማስረዳት የአሰብን ምሳሌ እንጥቀስ። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚኖረው አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው ትንሽ ዓሣ በከተማዋ ጉድጓዶችና የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተጨምሮ የትንኝ እጭ በመብላት ወባን ለመከላከል እንደሚረዳ የሚያሳይ ጥናት በ1992 ዓ.ም. ታትሟል። የተመረጠውም ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ ሳይሆን የአካባቢው ተወላጅ ነበር፤ ይህም ከላይ የተናገርነውን ያጸናል።

ለወላጆች

በመጨረሻ ለወላጆች አንድ ቃል እንጨምራለን። ዓሦቹ ለልጅ የተገዙ ከሆነ ሥራውም ለልጁ ይሰጠው፤ ነገር ግን አሠራሩ ይታየው። መጋቢው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የዕለቱን ምግብ የምትለካ ትንሽ ማንኪያ ትዘጋጅለት። በአንዲት ደብተርም ውሃ የተለወጠበትን ቀን፣ የውሃውን ሙቀትና የዓሦቹን ሁኔታ ይጻፍ። በግ ሲርበው ይጮኻል፤ ውሻም ሲከፋው ያላዝናል። ዓሣ ግን ድምፅ የለውም፤ የተመረዘበትንም ውሃ ትቶ የሚሄድበት ሌላ ስፍራ የለውም። ልጁ በየጧቱ ወደ ገንዳው ቀርቦ እያንዳንዱን ዓሣ ቆጥሮ፣ አዋዋኙንና አተነፋፈሱን አይቶ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሄድ፣ ዓሦቹ በደኅና ይኖራሉ፤ እሱም የሚናገርለት የሌለውን ፍጡር መጠበቅ ይለምዳል።